ሰባተኛዋ ፓምፕ

ከሃርሊንገን ወዲህ ከባሕር በታች ነው እርሻው፣
ውሃው እየተቀዳ ነው ሰዉ የሚተኛው።
ሰባተኛዋ ፓምፕ፣ ጎኗን ዝገት የበላት፣
ደመናው ላይ ደግሞ መንታ እህት አላት፤
የማትዝግ፣ የማትረጥብ፣ ቅባት የማትሻ፣
ግፊትና ሙቀት የሚበቃት ለጉርሻ።
«የታዘዘው» ይላል አንዱ ዓምዷ፣ ሌላው «የሆነው»፤
የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ሥራዬ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

የኅዳር ወጀብ መጣ። የሚዘንበው ደመና
ከማይዘንበው ጋር ያገናኘንን ክር በጠሰና፣
መንታይቱ ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ እንደለበሰች፣
«ደኅና ነኝ፣ እየቀዳሁ ነው» እያለች ቀረች፣
መርዶ እንዳልደረሰው የሩቅ ዘመድ።

ሲትስከ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወረደች በጨለማ፤
መዳፏን ብረቱ ላይ አኖረች፤ ምንም አይሰማ።
ጉሮሮዋ ውስጥ እባብ መሰል ዓሣ ተወትፏል፣
ክንድ የሚያህል፤ ጅራቱ ገና ይንቀሳቀሳል።
ጎትታ አወጣችው። ቦዩ ውስጥ መልሳ ለቀቀችው።

ሊነጋ ሲል መስመሩ ተመለሰ፤ መንታይቱ ጠየቀች፦
ስንት ሰዓት? በስንት ግፊት? ለምን ቆመች?
ሁሉን ሞላሁላት። ለዓሣው ግን ቦታ የላትም።
ሲትስከ ከኋላዬ ቆማ፣ እጅጌዋ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
«ምክንያት» በሚለው ሥር
«ሌላ» ብዬ ጻፍኩ።