ረጅሙ ቱቦ

አዘዞ፣ ጓሮው ላይ፣ ከውኃ ቦቴው ጥላ፣
ጋሽ አዛናው ቱቦ ዘረጋ፣ በክንዱ ሊያሰላ።
ምጽዋ የከረመ፣ ጨው የበላው ጣቱ፣
"ሁለት ነው" አለና "የትንፋሽ ብልሃቱ፤
ይሄ አጭሩ ቱቦ በአንገትህ ይንጠልጠል፣
በላስቲክ ታስሮ ከአገጭህ ሥር ይዋል።
ያኛው፣ ረጅሙ፣ በቀኝ ብብትህ ሥር፣
በደረትህ አልፎ፣ በማጅራትህ ዙር፣
ዞሮ አፍህ ይግባ። የምትተነፍሰው፣
እሱው ነው የምትሰጠው ለቸገረው ለሰው።"

ሳቅን እኛ። "ጋሼ፣ ከአፍ ላይ ተነጥቆ?
ትርፉን መስጠት ሲቻል፣ ከኪስ ተጠንቅቆ?"

"ውኃ የዋጠ ሰው ኪስ አይፈትሽም፤
ከአፍህ ላይ ይነጥቃል፣ ይቅርታም አይልም።
ስለዚህ አስቀድመህ፣ በየብስ ሳለህ ቁረጥ፤
መሥራቱን ያወቅኸው፣ እሱ ነው የሚሰጥ።"
ምጽዋ ላይ፣ ያልሰጠ ጓደኛ ነበረው።
ስሙን አልነገረን። ወሬውንም አልጨረሰው።

ጥንዴ እንየው ነበር፤ የዕቁቤን ተራ
ከዳኛው መክሮበት፣ በጓሮ፣ በሴራ፣
የበላኝ እንየው። ሦስት ወር ኩርፊያ፤
ሰላምታም የለንም ከሥራ ምልክት ወዲያ።
"ላስቲክህ ላላ" ሲል፣ በጣቱ ሲያሳየኝ፣
ፊቴን አዞርኩበት፤ ምን አግብቶት ሊያየኝ?

ቆላ ድባን አልፈን ጎርጎራ ስንደርስ፣
ባለጀልባው ቆሟል፣ ጋቢው ሳይደርቅ፣ ሲያለቅስ፤
"ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ እግዜር ይመስገን፣
ሞተሬ ነው የቀረ፤ አውጡልኝ እባካችሁን።"

ጣና፣ ወደቡ ሥር፣ አተላ ነው ጭቃው፤
የመብራትህ ጉዞ ክንድ ላይ ነው የሚያበቃው።
የእምቦጭ ሥር ፊታችንን እየነካ እንደ ጭራ፣
ገመድ ተከትለን ወረድን፣ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ በተራ።

ሞተሩን አገኘነው። ገና ሳናስረው፣
ከጭቃው ውስጥ መጣ አንድ የማላውቀው፤
ሁለት ዓይን ነበር፣ መነጽር ሙሉ ፍርሃት፤
እጁ ጉሮሮው ላይ ሄደ እንደ ስለት።
ጌጁ ዋሽቶት ኖሯል።
 ምልክቱን ሳልጨርስ
ከአፌ ላይ ነጠቀው።

ልክ ጋሼ እንዳለው።

አጭሩን ፈለግሁት፣ ከአገጬ ሥር፣ በአንገቴ፤
ላስቲኩ ብቻ አለ፣ የላላው፣ የኩርፊያ ሀብቴ።
ቱቦው ከኋላዬ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፤
ልዞር ስል ገመዱ እግሬን ተብትቧል።
ደረቴ ሲቃጠል ስንት ቆጠርኩ፣ ማን ያውቃል?
ትከሻዬን ያዘኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል።
ሁለቴ ሳበና፣ ከአፉ መልሶ አውጥቶ
ለኔ ሰነዘረው፣ አረፋው ፊቴን ሞልቶ።

ሁለት ለኔ። ሁለት ለሱ። ደግሞ ሁለት ለኔ።
"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ሲል ያደገ ወገኔ፣
ለካ ለትንፋሽም ይሠራል ተረቱ፤
አንዷ አታጠግብም፣ ያፋቅራል ሁለቱ።

ቱቦው ረጅም ነው፣ ጎን ለጎን ያስኬዳል፤
አፍ ግን አንድ ሲሆን፣ ማን ከማን ይርቃል?
ግንባር ለግንባር ገጥመን፣
ቀበቶ ለቀበቶ ጨብጠን፣
ከአረፋችን ሳንቀድም፣ ቀስ ብለን፣ ቀስ ብለን
ወጣን።

እዚያ ታች ስድብ የለም፣ ይቅርታም አይባል፤
አፍህን ከከፈትክ፣ ጣና ነው የሚገባ።
(ቤቱ አልመታልኝም። ያኔም አልመታልኝም።)

መድረኩ ላይ ወድቀን ሰማይ ስንጠጣ፣
ባለጀልባው መጣ፤ "ሞተሬስ አልወጣ?"
ማንም አልመለሰ። እንየው፣ ውኃ እየተፋ፣
"ላላ ብዬህ ነበር" አለኝ።
"ዕቁቤስ?" አልኩት።
"ልጄ ታማ ነበር።"

ሌላ አልተናገርንም።
ከሰዓት እንደገና ልንወርድ ስንለብስ፣
ላስቲኩን ይዤ ሄድኩ፣ አንገቴን ሰጠሁት።
አንዴ ቋጠረና ጎተተው፤ አየው፤
ደግሞ ቋጠረልኝ።