ስድስተኛው ብርጭቆ

በብራንደን ከተማ፣ በየካቲት ሌሊት፣
አሲኒቦይን ወንዝ በረዶ ደፍኖት፣
ከጣራችን በታች ከተማው ይገባል፤
ስሙን ሳይናገር በቱቦ ይፈሳል።
የታጠበ ሸሚዝ፣ የሕፃን ልጅ ገላ፣
የቄራው ደም ዕጣቢ፣ የሾርባው አተላ፣
አንዲት ሴት በር ዘግታ፣ ሻወር ከፍታ ያፈሰሰችው እንባ፣
ሁሉም አንድ ቀለም ነው እኛ ዘንድ ሲገባ።

ስድስት ብርጭቆ ከመቅዘፊያው ስር ደረደርኩ፤
በየግንባራቸው ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩ።
አንድ እስከ አምስት ያሉት የፋብሪካ መድኃኒት፣
በኪሎ ተመዝኖ ደረሰኝ ያለበት።
ስድስተኛው የዶሪን።

ዶሪን ጡረታ ስትወጣ ኬክ ተቆረሰ፣
ካርድ ተፈረመ፣ ወንበሯ ተወረሰ፤
ከማቀዝቀዣው ጥግ አንድ የአቼቶ ጠርሙስ ቀረ፣
«አትድፉት» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ የነበረ።
ውስጡ ወፍራም ነገር፤ የሚሳብ፣ የሚያጣብቅ።
ክሌይተን «ንፍጥ ነው» ብሎ ሳቀ።
አልተሳሳተም።
ከዚሁ ከዝቃጩ ለቅማ ያሳደገቻቸው፣
ስኳር እያላሰች ያባበለቻቸው
ባክቴሪያዎች የተፉት ነው፣
እርስ በርስ ሊያያዙበት።

አራት ሌሊት ሞከርኩ።
አራቱንም ሌሊት ድፍርሱ ድፍርስ ሆኖ አደረ።
ካልደፈረሰ አይጠራም ይላሉ፤
ደፍርሶ ስለሚቀረው ግን ዝም ይላሉ።

ዛሬ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ።
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ደክሞኝ ይሆናል፣
ወይም እጄ ከእኔ ይልቅ ያስተውላል።

መቅዘፊያው ዝግ አለ። መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ አንዲት ነጥብ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፤
ሌላዋን ሳበች፣ ያቺም ሦስተኛዋን፣
የማይታይ ክር ከመካከል ሲፈተል፣
ጉድፍ በጉድፍ ላይ ሲንጠለጠል።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቻለሁ፤
የከተማ እድፍ ሲያስር ግን ዛሬ አየሁ።

ከመስኮቱ ውጭ በረዶው አቁሟል፤
ከብርጭቆው ውስጥ ግን ቀስ እያለ ይጥላል፣
ያለ ነፋስ፣ ያለ ድምፅ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች።
በውሃው አሻግሬ
የግድግዳውን ሰዓት አነበብኩ፦
ዘጠኝ ከሩብ።

በዚህ ሰዓት ሰው አይደወልለትም።
ደወልኩ።

«የትኛው?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል።
«ስድስተኛው።»
ዝም አለች።
ከስልኩ ማዶ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ፣
ብርጭቆ ሲሞላ፣
ከዚያ ስትጠጣ።