ቤት ያልመቱ ዓመታት

ቁጥር ሰቃይ ነበርሁ በቶሊዶ ሜዳ፣
መሰላል ላይ ቆሜ በእንጨቱ ሰሌዳ።
ሚሎ ሃቭሊክ ሲመጣ ዱላውን ጎትቶ፣
ለውዝ ሻጩ ዝም ይላል ዋጋ መጥራት ትቶ።
አይቸኩልም ነበር፤ አንዷን ያሳልፋል፣
ሁለተኛዋን አይቶ ምራቁን ይተፋል፣
ሦስተኛዋን ሲላት፣ ድምፁ ደረቅ፣ አጭር፣
ኳሷ በራሴ ላይ ስትሻገር አጥር።
ነጭ ጎማ አለች፣ ስሟን ቤት ያሏት፣
መነሻቸው እሷ፣ መድረሻም እሷ ናት፤
ዞሮ ዞሮ ከቤት። ሚሎ ቤት ሲመታ
ለእኔ ግጥም ነበር፣ ለሌላው ጨዋታ።

ከዚያ በነሐሴ ቡናማ ፖስታ መጣ፣
ከመቶ ሠላሳ ሰባት እየመታ ሳለ።
ሄደ።
ስሙን የጻፍሁበት ቆርቆሮ ሦስት ዓመት
ከመሰላሉ ሥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።
በቦታው ሌላ ልጅ አመጡ፤ ደህና ልጅ ነበር፣
ጥፋቱ ሚሎ አለመሆኑ ብቻ።
ስለ ኮሪያ የማውቀው እህቱ ሉድሚላ
በዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ያነበበችልኝን ነው፦
«በረዶው እስከ ጉልበት ነው። ወርዋሪውን አላየውም፣
የወረወረው ግን ይመጣል።
በእኛ ጨዋታ የሳተ ይወጣል፤
እዚህ የተሳተ ያድራል።»
እነዚህን መስመሮች ቤት ላስመታቸው ሞክሬ ነበር።
እምቢ አሉኝ።

በግንቦት ተመልሶ፣ ከስቶ፣ አንገቱ ረዝሞ፣
ያችኑ ዱላ ይዞ፣ ያችው ቦታ ቆሞ፣
አንዷን አሳለፈ፣ ሁለተኛዋን አየ፤
በሦስተኛዋ ላይ ዱላው ዘገየ።
የፀጉር ያህል ነው፤ እኔ ነኝ ያየሁት።
ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት፤
ጭብጨባ ለሳተ! ፊቱ ጠቆረበት።

አራት ዓመት ደግሞ መታ፤ ደህና መታ።
ሠላሳ ሰባቱ ግን እዚያው ነሐሴ ውስጥ ቀረች።

ሰዎች ይቆጥራሉ፣ «ባይሄድ ኖሮ» እያሉ፣
ባዶውን ገጽ ሁሉ በግምት ይሞላሉ።
እኔም ጠየቅሁት፣ ሸምግለን፣ ሞሚ ወንዝ ዳር፣
መንጠቆ ጥለን፦ «ስንት ይሆን ነበር?»
ትሉን ከጣቱ ላይ አራገፈ።
«አጠገቤ ይተኛ የነበረው ልጅ» አለ፣
«ኳስ ይዞም አያውቅ። ጫማ ሠሪ ሊሆን ነበር።
የእሱን ጫማዎች ማን ቆጠረ?»
ዓሣ አልያዝንም።

ባለፈው ጥቅምት ሸኘነው፤ ዝናብ ነበር።
ቆርቆሮውን ይዤ ሄጄ
ፊቱን ወደ ሰው አዞርሁት።
«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ያልኋችሁ ቅድም
የተረቱ ግማሽ ነው።
ሌላውን ግማሽ ታውቁታላችሁ።