የምራቅ ዓምድ

ላ ኮሩኛ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር።
እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ ክኒንን ከቀን ጋር መደመር፦
ጭንቅላታቸው ተመትቶ እዚህ ከሚተኙት ውስጥ
የፊኛ ማረጋጊያውን መድኃኒት ስንቱ ነው የሚውጥ?
ማን ጀመረው? እስከ መቼ? ለምን? በማን ቃል?
ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ፋይል ውስጥ ይጠፋል።

ረድፍ ስድሳ አንድ፦ ኤላዲዮ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት።
«የሞት ዳርቻ» በሚሉት ጠረፍ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣
ጣት የመሰለውን የባሕር ሲሳይ ከቋጥኝ ሲፍቅ፣
በማዕበልና በማዕበል መሃል፣ ቶሎ ቶሎ፣
አንዱ ሳይጠብቀው መጣና ከነገመዱ አነሣው፤
ከድንጋይ አጋጨው። ሲነቃ ግራ እጁን ረሳው።

ሚስቱ ዶሪንዳ መረብ ጠጋኝ ናት፤ ቀዳዳ አያመልጣትም።
«በሚያዝያ በስሜ ጠርቶኛል፤ በሰኔ ‘ማን ናት’ አለ»
ብትል፣ ማንም አላመናትም።
«ጉዳቱ ነው» አሉ ሐኪሞች። ጉዳት ምን ይላል?
እንደ ውሰት አህያ፣ የጫኑትን ሁሉ ይሸከማል።

እኔ ግን ቀኑን ቆጠርኩ።
የሽንት ቱቦው የወጣለት በሚያዝያ መጨረሻ፤
አንሶላ እንዳይርስ ክኒን ታዘዘ፣ በሌሊት ተረኛ፣
«ለጊዜው» ተብሎ፣ ለማስታገሻ።
ከዚያ ሌላ ለማዞሩ፤ ሌላ ደግሞ ለእንቅልፉ፤
ሦስቱም ለየብቻቸው ደጎች፣ ሲገናኙ ክፉ።
«ለጊዜው» የሚለው ቃል ጎጆ ቀለሰ፣ ልጅ ወለደ፤
ሐኪም ተቀየረ፣ ወር ተቀየረ፣
ክኒኑ በየጠዋቱ ከውሃ ጋር ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከነርቭ ነርቭ የሚላላክ መልእክተኛ አለ፣
ፊኛውን «ጨመቅ»፣ ምራቁን «ፍሰስ»፣ ትዝታን «ተነሥ» እያለ።
ክኒኑ በፊኛው ደጃፍ ዘበኛ ሆኖ ይቀመጣል፤
ዘበኛው ግን በር አይመርጥም፤ ደም ባደረሰው ሁሉ ይገባል።
የጤነኛ አንጎል አጥሩ ወፍራም ነው፤ የተመታው ቅጥሩ ፈርሷል፤
መልእክተኛው በገዛ ቤቱ ደጅ ሲጠና ይውላል፣ ይመሻል።

ኤላዲዮ ምራቁን የዋጠ ሰው ነበር፤
አሁን የሚውጠው ምራቅ የለም፤
ምላሱ ቆዳ፣ አፉ ባሕር የሸሸው ወደብ ዳር።
ዕድሜውን በውሃ ኖሮ፣ አፉ በድርቅ ተመታ፤
ቃል ሲፈልግ አየዋለሁ፣
ምላሱን ከላንቃው ሲያላቅቅ፣ በዝግታ።

ዶክተር ባልቢናን ለመንኳት። «ቁጥር አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ።
«አልጋው ይርሳል» አለች ነርሷ። «ይርሳል» አልኩ፤ አልዋሸሁ።
በግማሽ፣ በሩብ፣ ቀስ በቀስ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ።
አልጋው ራሰ።
ኤላዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በአንድ ሌሊት አረጀ።
ዶሪንዳ ብቻ አንሶላውን ስትሰበስብ እጇ አልተንቀጠቀጠም፦
«ጨርቅ ይታጠባል» አለች፣
«መርሳት ግን አይታጠብም።»

ትናንት በሁለቱ ብረቶች መሃል አቆሙት።
ወደ ቀኝ አየ።
ቆይቶ ወደ ግራ፤ ወደዚያች ወደ ረሳት እጅ።
ከዚያ፣ ድሮ ገመድ ሊይዝ ሲል እንደሚያደርገው፣
መዳፎቹን ከፍቶ
እንትፍ አለባቸው።
ሁለቱንም።
ነርሷ ተቆጣች፤ መወልወያ ፍለጋ ሄደች።

የሚስቱን ስም ገና አልጠራም። ምናልባት ነገ፤ ምናልባት አይጠራም።
ምናልባት ያዳነው ጊዜ ነው፤
አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ማለት አልፈራም።

ሰንጠረዤ ለዕድሜ፣ ለመጠን፣ ለቀን ዓምድ አለው።
«ምክንያት» በሚለው ሥር «አልተጻፈም» ብዬ ሞላሁ።
ለምራቅ ዓምድ የለውም።
በጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ «እርጥብ» ብዬ ጻፍኩ።

ረድፍ ስድሳ ሁለት፦ ሴት፣ ሰባ አራት ዓመት፣
ከደረጃ የወደቀች።
አንድ ክኒን፣ ማታ ማታ።
ለጊዜው።