ኖራ

እኔ ሹፌር ነበርኩ፤ ቅኔ ቤት አልዋልኩም፤
ከመሪ ኋላ ያየሁትን እንጂ ሌላ አልጨመርኩም።

ይታይሽ ወንድይፍራው ደብረ ማርቆስ ስትመጣ፥
በሥልሳ አምስት ዓመት፥ ክረምቱ ሊወጣ፥
የእርሻ ቢሮው ዘበኛ "ታይፒስት ናት" ብሎ
አስገባት በጓሮ፥ ወንበር አስተካክሎ።
እሷ ግን ከሻንጣዋ ሚዛን አወጣች፥ ብልቃጥ አወጣች፥
"አፈሩን የሚያሳየኝ ማነው?" ብላ ወጣች።

ማቻከል ላይ ሕዝቡ፥ "ደከመን መሬቱ፤
አምስት ቁና ዘርተን አራት ነው ምርቱ"
ይላል። ግማሹ ስለት ይሳላል፥
ግማሹ ባሕር ዛፍ ተክሎ ይኮበልላል።
እሷ ትንበረከክና ቆንጥራ ታነሣለች፤
ከምላሷ ጫፍ ታስነካና ትተፋለች።
"ይኮመጥጣል" አለች።

አያ ቢተው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ
(ልዋሽ እንዴ? ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔው ነበርኩ)፤
"መሬት ጠላ ነው ወይ የሚኮመጥጠው?
ጌሾው በዝቶ ይሆን? ማን ነው የጠነሰሰው?"
"ምላሴን አትመኑ፤ ምላስ ይዋሻላ!"
ሰማያዊ ወረቀት ጭቃ ነክቶ ቀላ።
ዝም አልን።

አሁን ወደ ኃጢአቴ።
ሠላሳ ሁለት ከረጢት፥ ከየማሳው የተለቀመ፥
በየአንዱ ላይ የባለርስቱ ስም የታተመ፥
ጨሞጋን ስሻገር፥ ነሐሴ ነው፥ ሞልቶ፥
ሰባቱ ሄዱብኝ፥ የላንድሮቨሩ በር ተከፍቶ።
"አፈር አፈር ነው" አልኩ፤ ከመንገዱ ዳርቻ
ሰባቱን ሞላሁት ባንዲት አካፋ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። ሰባቱን ለይታ
ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች፥ ፋኖስ አብርታ።
"ስንሻው፥ እነዚህ ወንድማማች ናቸው፤
እናታቸው ማን ናት? አውራ ጎዳና ነው?"

አልጮኸችም። ደመወዜንም አልቆረጠች።
ኮቷን ደረበች።
በእግር ሄድን፥ እኔና እሷ፤ ሰባቱን ማሳ
ዳግም ዞርናቸው፥ ሁለት ቀን፥ ያለ ምሳ።
መንገድ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦
"የሰው ስም ጽፈህ ሌላ አፈር አትስጠኝ።"

ከዚያ ኖራ መጣ፥ ከደጀን፥ በጆንያ።
አያ ቢተው ጥግ ሰጡን፥ የጅብ መተላለፊያ።
የመጀመሪያው ዓመት፥ ገብሱ ደኅና ቁሞ፥
የጮቄ በረዶ ወርዶ አጨደው ቀድሞ።
"ነጭ ዱቄት በትና ደመና አስቆጣች" ተባለ።
እሷ መዝገቧ ላይ "በረዶ፤ አይቆጠርም" ብላ ጻፈች፤
እርሳሷን ቀረጸች።

ሁለተኛው ዓመት አያ ቢተው ጥጓን አጨዱ፤
አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ቤት ወረዱ።
በማግስቱ፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ፥ ቢሮው ደጅ ሁለት አህያ፤
ጭነት የሌለው ኮርቻ፥ ባዶ ጆንያ፤
"እስቲ ከዚያ ጌሾሽ
ጨምሪልኝ፥ ልጄ።"

ሪፖርቱ ታተመ። የኃላፊው ስም ከላይ፥
የምክትሉ ከሥር። የሷን እስቲ ላይ
ብዬ ገልጬ ገልጬ፥ መጨረሻው ላይ፥ ከምስጋናው፥
"ለሹፌር ስንሻው፥
ለወይዘሪት ይታይሽ" ይላል። ከእኔ በታች ናት!
አምጥቼ ሰጠኋት።
አነበበችው፥ ሁለት ጊዜ። ፊቷ ቀላ፥ እንደዚያ ወረቀት።
የሚዛኑ ጠረጴዛ ይወዛወዝ ነበር፤
አራት አጥፋ ከእግሩ ሥር
ሰነቀረችው።
ሚዛኑ ቀጥ አለ። "አምጣ የአማኑኤልን አፈር" አለች።

ባለፈው ጥቅምት ቀበርናት።
ከለቀስተኛው መካከል አንድ ጎረምሳ፥
የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ፥ ጠጋ አለኝና
"ስንት ዓመት ኖራ ነው?" አለኝ።
እኔ መቼም ሹፌር ነኝ፤ ስለ ዕድሜዋ የጠየቀኝ አልመሰለኝ፤
"ኖራውንስ ኻያ ስድስት ዓመት" አልኩት፥
"ከደጀን፥ በዚህ እጄ አመላልሼዋለሁ።"
ግራ ገባውና ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረሁ።
ከጉድጓዷ አፋፍ ቆንጥሬ፥ ከምላሴ አስነካሁ።
ይኮመጥጣል።

መኪናው ውስጥ፥ ከኋላ ወንበር ሥር፥
ግማሽ ጆንያ ቀርቶኝ ነበር።