የግማሽ ሰዓት ደረሰኝ

ከብሔራዊ ጀርባ፣ ሰንጋ ተራ ሳይደርስ፣
አሥራ አራት ብረት አለ፣ ሳንቲም የሚጎርስ።
ቢጫ ቀለም ቀብተው፣ ቁጥር ጽፈው ባናቱ፣
ሪባን ተቆረጠ፣ አማረ ምርቃቱ።
በሳምንቱ አንደኛው ሆዱ ተፈልቅቆ፣
ሁለተኛው ደግሞ በማስቲካ ታንቆ፣
ሦስተኛው ከነሥሩ ለቆራሌው ሄዶ፣
ስብሰባ ተጠራ፣ ክፍለ ከተማው ነድዶ።
“ገቢያችን ይጠበቅ፣ ሥራ አጡም ይቀጠር፤
አያችሁ?” አሉ፣ “ሁለት ወፍ በአንድ ጠጠር!”

እነሆኝ አንዷ ወፍ፣ ፊሽካ ደረቴ ላይ፣
ደንብ ልብሴ ሁለት ሰው የሚያስገባ ለሚያይ።
አርባ ስድስት ዓመቴ፣ ስሜም ዘርትሁን፤
ደረጃ ሳጥብ ኖሬ፣ እስቲ ዘብ ደግሞ ልሁን።

አሥር አለቃ ጉልማ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣
“ብረቱን የሚነካ ማንም ሰው እንዳይኖር።
ከሁሉ በላይ ግን ያን ልጅ ተጠንቀቂ፤
አብረሽው አትሳቂ፣ ስሙንም አትጠይቂ።”

ያን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ “ዝለቅ” ነው የሚለው፤
ብረቱ ሳይተከል እዚህ ቦታ የነበረው።
መኪና ሲመጣለት ከሩቅ እጁን ዘርግቶ፣
“ዝለቅ! ዝለቅ! ቁረጥ! በቃ!” ኋላውን በጥፊ መትቶ፣
ፀሐይ እንዳይፈጀው መሪውን በካርቶን ሸፍኖ፣
ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ላስቲኩ ጃንጥላ ሆኖ፣
“ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ነፍሱ ልትወጣ ነው” ብሎ፣
የሰጡትን ተቀብሎ፣ ካልሰጡትም ችሎ፣
ስድስት ዓመት ቆሟል።
                         ብረቱ ግን አይልም “ዝለቅ”።
ጎማ መተንፈሱን አያይም። ሕፃን መኪና ውስጥ ቢጨነቅ
አያንኳኳም መስኮት። ብቻ ይጎርሳል፣ ይጎርሳል፤
ሲጠግብ ደግሞ ወረቀት ያገሳል።

እኔ በዚህ ጠርዝ፣ እሱ በዚያ ማዶ፣
ተያየን እንደ ጣውንት፣ ሳምንቱ እስኪሄድ ነጉዶ።
“እማማ” አለኝ አንድ ማታ፣ “ስንት ይከፍሉሻል?”
ነገርኩት።
            ሳቀ። “ይሄ ብረትስ ስንት ያገኛል?”
አላወቅሁም። እሱ ግን ከሳንቲሙ ድምፅ ያውቃል።
ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፦ “ላንቺ የአንድ ወር ደመወዝ
ሁለት ወር ይጎርሳል።
እኔን ቢተዉኝ ኖሮ…” ጀመረ፤ ተወውና
ጃኬቱን ቆለፈ፤ ነፋስ ነበርና።

ትናንት ሌሊት ሐምሌ አስፋልቱን ሲደበድብ፣
ዘጠነኛው ብረት ሥር ጥቁር ነገር አየሁ ስቀርብ።
ዱላዬን ያዝኩ። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።
ባትሪዬን አበራሁ፤
መልሼ አጠፋሁ።
ዝለቅ ነው። ተኝቷል፣ ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ፣
ያን የድሮ ካርቶን በራሱ ላይ ደፍቶ።

ደንቡ ምን ይላል? “አንቀጽ ሰባት፦ ያለ ክፍያ
የቆመ ማንኛውም ነገር ይነሣ ከመቆሚያ።”

ቆምኩ። ሰማሁት። እንደ ሕፃን ነው የሚያንኮራፋ።
አምስት የብር ሳንቲም፣ የጠዋት ታክሲዬን ተስፋ፣
አንድ በአንድ አጎረስኩት፤ ብረቱም ሲጢጥ ብሎ
ግማሽ ሰዓት አገሳ፣ ባንዲት ወረቀት ጠቅልሎ።
ካርቶኑ ሥር፣ ደረቁ ጋ፣ ደረቱ ላይ አኖርኳት፤
ማኅተሟ እንዲታይ ወደ ላይ ገለበጥኳት።

አሥር አለቃ ጉልማ ለቁጥጥር መጡ ዘጠኝ ሰዓት።
አዩት። አዩኝ። ወረቀቷንም አዩዋት።
ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን። “አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል” አሉ፤
ከጎኔ ቆሙ፣ ዝናቡን እየቻሉ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ “ብረት ቁጥር ዘጠኝ፣ ደኅና።
ገቢው ተጠብቋል፤ አምስት ብር ጨምሯልና።”
“የባለንብረት ስም” የሚለው መስመር ላይ ግን ቆምኩኝ፤
ዝለቅ ስም አይደለም።
ጉልማን ቀና ብዬ አየሁኝ።

ሳል ያዛቸውና ፊታቸውን
ወደ ሰንጋ ተራ አዞሩ።