አምስት ምስማር

ጉም ከጦሳ ወርዶ ቧንቧ ውሃን ሲያለብስ፣
ገና በራችንን ከፍተን ሳንጨርስ፣
ደጃፉ ላይ ቆሟል ደንበኛ ሊወቅስ።
«ኮቴስ?» ይላል አንዱ፤ «ሱሪዬስ?» ይላል ሌላ፤
«የልጄ ዩኒፎርም?» ትላለች ከኋላ
ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጉንጯ በንዴት የቀላ።
አጎቴ ይማም ግን መነጽሩን ገፍቶ፣
ሜትሩን እንደ ሻል አንገቱ ላይ ትቶ፣
«አብሽሩ፣ ለነገ!» ይላል ፊቱ ፈክቶ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቁን የመራችው፣
ደብተር አልነበረም፤ «አብሽር» የምትባለው
ያቺ ቃል ብቻ ናት።
ቀሪው ጭንቅላቱ ውስጥ፦ የአራጋው ደረት፣
የሼህ እንድሪስ ክንድ፣ የከድጃ ቁመት፣
ማን በአንድ ትከሻው ዘመም እንደሚል፣
ማን ዛሬ ወስዶ ለአረፋ እንደሚከፍል።

ግን ጭንቅላት ጓዳ ነው፤ በዕድሜ ይጨልማል፤
የተቀመጠው አለ፣ ፈላጊው ያጣዋል።
ባለፈው ረመዳን፣ ለኢድ ሁለት ቀን ሲቀረን፣
የዲያቆኑን ሱሪ ለሙአዚኑ ሰጠን፤
የሙአዚኑን ጀለቢያ ለዲያቆኑ ላክን።
ደግነቱ ወሎ ነው፣ ሳቁና ተለዋወጡ፤
ደጃችን ላይ ቁጭ ብለው አብረው ሻይ ጠጡ።
እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከኮምቦልቻ ኮሌጅ ሒሳብ ተምሬ መጥቼ፣
የአጎቴን ሱቅ ሒሳብ በአንድ ሌሊት አይቼ፣
አለቀስኩ።
የተከፈለበት፣ ያልተከፈለበት፣ ገና ያልተቆረጠ፣
ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ እንደ ጎመን የተሸጎጠ።

በማግስቱ መዶሻ ከጎረቤት ለመንኩ፤
ከመኪናዎቹ ፊት አምስት ምስማር ተከልኩ፤
ከየራሳቸው በላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦
«የመጣ»፣ «የተቆረጠ»፣
«የተሰፋ»፣ «የተተኮሰ»፣
ባምስተኛው ላይ «የሄደ»።
ካርቶን በመቀስ ቆርጬ ቁጥር ሰጠሁ ለልብሱ፤
ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ ለምስማሩ ለራሱ።

አጎቴ አየ አየና፦ «ምንድን ነው ይኼ ልጄ?
ምስማር ሳይነግረኝ አይደል ሠላሳ ዓመት የሠራሁ በእጄ?»
«አብሽር» አልኩት፣ የገዛ ቃሉን ወስጄ።

መጀመሪያው ሳምንት ምስማሩን ማንም አላመነ፤
ደምስ ቆራጩ ካርቶኑን ኪሱ ከቶ ባከነ።
በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛው ምስማር ጎበጠ፤
ሃያ ሰባት ካርቶን! ለካ ሥራው እዚያ ነው የሰመጠ።
ሰፊው መች ዘገየ? ካውያችን አንድ ነበር፣
መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ጠፍቶ የሚያድር።
የከሰል ካውያ ገዛን፣ አሮጌ፣ ከሰኞ ገበያ፤
«ነገ» ያልነው ልብስ ነገ ወጣ፣ ያለ ቀጠሮ ማራዘሚያ።
ሼህ እንድሪስ በቀኑ ኮታቸውን ሲያገኙ ደነገጡ፤
«ምነው፣ ደህና ናችሁ?» ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ካርቶን ብቻ አራተኛው ላይ ቀረ።
ቁጥር አርባ ሰባት።
ሙሉ ልብስ፣ ሰማያዊ፣ ገበሩ ሐር የመሰለ፤
ሙሔ የሚባል ሹፌር፣ ከመርሳ፣ ሁሉንም የከፈለ፣
«ለሰርጌ» ያለ።
ደወልኩ። ዝግ ነው።
በወሩ ደወልኩ። ዝግ ነው።
ከአራት ወደ አምስት ያለው መንገድ አንድ ክንድ አይሞላም፤
ግን ሰው ነው የሚያሻግረው፣ ካርቶን በራሱ አይሄድም።

«ኮቱ ይሸጥ» አልኩ፣ «ቦታ ይዟል፤ ከመዝገቡም ይውጣ።»
አጎቴ መርፌውን ከጨርቁ ሳያወጣ፣
«ቀኝ ትከሻው» አለኝ፣ «ከግራው ዝቅ ይላል፤
ሌላ ሰው ቢለብሰው ኮቱ ይዘምማል።
መሪ ይዞ ስለሚውል ነው። ልጅ ነው። ይመጣል።»
ጠዋት በእናቴ ስም፣ «ጦይባ» ብሎ የጠራኝ፣
ያንን ትከሻ ግን በሴንቲ ሜትር ነገረኝ።

ማታ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ መዶሻ ዳግም ተዋስኩ፤
ከአምስቱ ራቅ አድርጌ ስድስተኛ ተከልኩ።
ጠመኔ አነሣሁ፣ «ያልመጣ» ማለት ጀመርኩ፤
በክንዴ አጠፋሁና፣
«አብሽር» ብዬ ጻፍኩ።

በየሰኞው ኮቱን አወርዳለሁ፣ አቧራውን አራግፋለሁ፣
ብል እንዳይገባው ኪሱን እፈትሻለሁ።
ይህ ሥራ በሰዓት ስንት እንደሚያወጣ
ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም።